ያላለቀው ቤት ጉልቻ

ሰሞኑን ጎረቤቴ ግድግዳውን ሊያስመርግ ጭቃ አስቦክቶ፣ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ሲሰነብት የሚያወጣው ያ ኮምጣጣ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እኔ ሽማግሌው አንገቴን አስግጌ ሳብኩት። ለእኔ የእናቴ ሽታ ነው። ይህን ስል ብትሰማኝ በጥፊ ነበር የምትለኝ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ደብረ ሲና ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ከተማውን ሲሸፍነው ደረቱ እየታፈነ፣ ክረምቱን ሙሉ ከስፌት መኪናው ድምፅ ይልቅ ሳሉ ይሰማ ነበር። ሐኪሙ «ቆላ ካልወረደ ብዙ ክረምት አይችልም» ስላለን ሸዋ ሮቢት ቤት ገዛን። ገዛን ስል፣ ቤቱ ገና አናጢው ጋሽ ሽፈራው አፍ ላይ ነበር፤ «እዚህ በሩ፣ እዚያ መስኮቱ» እያለ በዱላው መሬት ላይ ሥሎ ሸጠልን። ለእኛ ለደገኞቹ ቆላ ማለት ውጭ አገር ነበር። እኔማ ማንጎ ከአልጋዬ ሳልወርድ እንደምለቅም ለሰፈሩ ልጆች እየማልኩ ተሰናብቼ፣ ጉዞው በተራዘመ ቁጥር እንደገና እየተሰናበትኩ፣ የስንብት ቆሎ ሦስት ጊዜ በልቻለሁ።

በሰኔ ይደርሳል የተባለው ቤት ሳይደርስ ክረምቱ አለፈና፣ እናቴ በመስከረም በጭነት መኪና ወርዳ ብትጠይቅ «ወንዙ ሞልቶ እንጨቱ አልተሻገረም» ተባለች። በጥር ስትወርድ ጋሽ ሽፈራው «እትዬ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሠርግ ላይ ነው» አላት። በሚያዝያ ቋሚና ማገሩ ብቻ ቆሞ፣ ፍየሎች በግድግዳው ይገቡና ይወጡ ነበር። ዘመድ «ክሰሽው» አላት፣ አባቴ እያሳለ «ተዪው» አላት፤ እሷ ሁለቱንም አልሰማች።

ግንቦት ሲያልቅ፣ ጉሙ ሊመለስ ሲል፣ ሦስት ጉልቻዎቿን በጆንያ ቋጥራ፣ አባቴን በጋቢ ጠቅልላ፣ እኔን ድመቷን አሸክማ ወረደች። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ገብታ፣ በጥጉ ጉልቻዎቹን ጎልታ፣ እሳት አንድዳ ሽሮ ጣደች። በእኛ ዘንድ ጉልቻ የተጎለተበት ቤት ሰው ያለበት ቤት ነው፤ ሰው ያለበትን ቤት ጣሪያ ሳያለብስ የሚተው አናጢ ደግሞ ስሙ ከገበያ ገበያ ይዞራል።

ጋሽ ሽፈራው እየሮጠ መጣ። «ኧረ እትዬ፣ ምን ጉድ ነው? ቤቱ እኮ አላለቀም!»

«ታዲያ አልቋል አልን? ሥራህን ሥራ። ብቻ ፍቅፋቂው ወጡ ላይ እንዳይወድቅ በዚያ በኩል ጀምርልኝ» ብላ አጎረሰችው።

ይህን ያየው ጎረቤት ገበሬ ጋሽ ሰይድ «በአላህ፣ ሽፈራው! የታመመ ሰው ማገር መሃል አስተኝተህ ጉርሻው ይወርድልሃል?» ብሎ፣ በማግሥቱ መንደሩን በደቦ ጠርቶ ጭድ አስጭኖ ደረሰ። ጭቃውን ከረገጡት አንዱ እኔ ነኝ። ረገጥኩ ማለቴ፣ እስከ ወገቤ ሰጥሜ ሁለት ጎልማሶች ነቀሉኝ፤ አንድ ጫማዬ ዛሬም ግድግዳው ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ጭቃው እስኪቦካ ጣሪያው ተከደነ፣ ዝናቡ ሳይጠና ግድግዳው ተመረገ፤ በዚያ ክረምት ሌሊቱን ከሳል ይልቅ ስንሰማ ያደርን የእንቁራሪት ጩኸት ነበር፣ ቀን ደግሞ የስፌት መኪናው።

ያችን ሴት አይቶ ያደገ ሰው ብልህ ይሆናል ትላላችሁ። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ዱባይ ሄዳ ኑሮ የመሠረተችው ልጄ እዚያው ገና ካልተሠራ ፎቅ ላይ ቤት ስትገዛ፣ እኔ የሕንጻውን ሥዕል ሳሎኔ ሰቅዬ ለዕድርተኛው ሁሉ መዋኛውን በከዘራዬ ሳሳይ ከረምኩ። ፎቁ ሳያልቅ አራት ዓመት ሆነው፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ዛፍ ፀሐይ መትቶት ገርጥቷል፣ እኔም ዕድርተኛ ባየሁ ቁጥር በጓሮ እወጣለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ደውዬ «ተዪው ልጄ፣ እግዜር ይክፈላቸው» ብላት ሳቀችብኝ።

«አባዬ፣ አሁን እኮ ቤቱን የሸጡልን ሰዎች ቢሮ ነኝ፤ ሌሎቹ ገዢዎችም አሉ። በየሐሙሱ ምሳችንን ይዘን መጥተን እዚሁ እንበላለን። ዛሬ ሥራ አስኪያጁን አጎረስኩት። በዚህ ወር ሠራተኞቹን ወደ ሥራ መልሰዋል።»

እናቴ ጉልቻ የምትጎልትበት መሬት ነበራት፤ የልጄ ቤት ገና አየር ላይ ነው፣ እሳቱ ግን ያው የእናቴ እሳት ነው። እኔ በሁለቱ መሃል፣ ያኔም ዛሬም፣ ድመት ተሸካሚ ሆኜ ቀረሁ።