ድንኳን ውስጥ ያለፈው ተራዬ

እናቴ ከአልጋ መነሳት ካቆመች ወዲህ በእድራችን ቤታችንን የምወክለው እኔ ነኝ። በሰፈራችን በቾ ቦሬ ሰው ሲሞት ከቤታችን የሚፈለገው የእኔ ፊት ነው። ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ፊዚክስ ማስተማሬ ለለቅሶው ድንኳን ጉዳዩ አይደለም።

በዚያ ሰሞን አንድ የውጭ አገር ቤተ ሙከራ ኳንተም ኮምፒውተሩን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያውሰኝ ፈቅዶ ነበር። ማሽኑ እዚያው በከባድ ቅዝቃዜ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ እኔ ከጅማ ሆኜ በኢንተርኔት የማይክሮዌቭ ምት እያዘዝኩ ኩቢቶቹን፣ ስሌቱን የሚሠሩትን ጥቃቅን ክፍሎቹን፣ አንቀሳቅሳለሁ። ግን ጠባየኛ ነው። ጠዋት ልኩን ያገኘ ምት ከሰዓት ይስታል፤ እንደ ክራር ደጋግሞ መቃኘት ይፈልጋል። ጥናቴ በጥቂት ሙከራ መልሶ የሚቃኝበት ዘዴ ነው። ዘዴው ከሠራ እዚያ ሄጄ ዶክትሬቴን እንድማር ይቀበሉኛል። ከዚህ ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

ማሽኑን በምረከብበት ዕለት ማለዳ አጥር የሚያዋስኑን ሽማግሌ አናጢ ሞቱ። ቀብራቸው ቶሎ ተፈጸመ።

«ፊቴን አሳይቼ እመለሳለሁ» አልኳት እናቴን።

«አንቺ ጥለሽ ከተነሳሽ እኔን ነገ ማን ያወጣኛል?» አለች።

ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

ድንኳኑ ውስጥ የሟች ባለቤት ቀኝ እጄን ያዙ። እንደያዙኝ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲያስታምሙ ሰንብተዋልና ሴቶቹ «እሰይ፣ ይረፉ» አሉ። እኔ ግን ታሰርኩ። ስልኬን በግራ እጄ ከነጠላዬ ሥር ስከፍት ተራዬ ደርሷል። በአውራ ጣቴ ብቻ መቃኘት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ምት ሳተ። ሁለተኛው ቀረብ አለ። ሦስተኛውን ሳዘጋጅ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ጎረቤት ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ነውር ነው። ይቆይልሽ» ብለው ፍራሹ ሥር አኖሩት።

በዚያች ሰዓት ሁሉንም ጠላኋቸው። የማደርገውን ቢያውቁ ይለቁኝ ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። የት ይለቁኛል! እጄን ቀስ ብዬ ሳብኩ፤ አሮጊቷ በእንቅልፋቸው ይበልጥ ጨበጡኝ።

ሲነቁ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስካሁን አለሽልኝ? አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «አንቺን የመሰለ ልጅ ይዛ እናትሽ ምን ጎደላት?»

ስልኬ ሲመለስልኝ ማሽኑ ለሌላ ተረኛ ተላልፏል። ከሁለት ምት የሚወጣ ውጤት የለም።

እናቴ ዓይኗን በር ላይ ተክላ ጠበቀችኝ። «ሰው አየሽ?»

«አዩኝ። የሟች ባለቤትም ትከሻዬ ላይ ተኙ።»

ፊቷ ፈካ። «እንግዲህ ሞቴን አልፈራም» አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ እፎይ ብላ ተኛች። ብርድ ልብሷን ሳስተካክል ከዚህ ቤት የምወጣው እሷ ስትሞት ብቻ እንደሆነ ገባኝ። እንድትሞት ደግሞ አልፈልግም።