ናዳ ሥር «መጣሁ» አይባልም

የባቡር መሥሪያ ቤቱ ቃላት አያልቅበትም። ተራራው ግማሽ ጎኑን ገልብጦ ሐዲዱ ላይ በደፋበት ዕለት በየጣቢያው ግድግዳ የተለጠፈው ማስታወቂያ «በመስመሩ ላይ መጠነኛ መስተጓጎል ስላጋጠመ» ይል ነበር። መጠነኛ! በሬ የሚያክል ድንጋይ፣ ሥሩን ወደ ሰማይ ያነሣ ዛፍ፣ ሐዲዱን ውጦ ያላገሳ የጭቃ ክምር! ይህን ሁሉ የሚጠርገው ማሽን ደግሞ መጓዝ የሚችለው በባቡር ብቻ ነበር፤ በዚያው በተዘጋው ሐዲድ። ይህን ያቀደ ጭንቅላት ደመወዝ ይከፈለዋል።

እናም ሥራው እንደ ወትሮው ለዲጅኖ፣ ለአካፋና ለባሬላ ቀረ። ዲጅኖውን የያዘው ፈንቅል ነው። ለፈንቅል ደግሞ የዕለቱ መስተጓጎል ፈጽሞ መጠነኛ አልነበረም፤ ከናዳው ወዲያ፣ ከዋሻው ማዶ በቆመው ባቡር ውስጥ አማቱ ተቀምጠዋል።

«ፈንቅል» ቤተሰቡ ያወጣለት ስም አይደለም፤ የሐዲድ ጥገና ባልደረቦቹ ናቸው ያወጡለት። ድንጋይ በመፈንቀል ከሱ ጋር የሚወዳደር የለም። ይህንን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ሳይጠየቅ፣ በየቀኑ። አሠራሩም የታወቀ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን ይዞረዋል። ቀጥሎ ይሰድበዋል። «አንተ ጎምላላ! ማን ጋበዘህ? ሐዲዱ የአባትህ መደብ መሰለህ?» ይለዋል። ከዚያ መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ዲጅኖውን ይሰካል። ያልተሰደበ ድንጋይ እሺ አይለውም። ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ ሲሳደብ ግን ደፍሮ የሚያቋርጠው የለም።

ይህ ቡድን አንድ ሕግ አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ያላወጣው ስለሆነ ይከበራል። ናዳ ሥር «መጣ» አይባልም። ከላይ ገደሉ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ጠባቂ፣ ድንጋይ ሲንቀሳቀስ ካየ «መጣ!» ብሎ ይጮሃል። ያኔ የያዘውን ጥሎ በድጋፍ ግንቡ ውስጥ ወደተፈለፈለው ከለላ ያልሮጠ፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቃሉ ለድንጋይ ብቻ ተሰጥቷል። ሻይ አይመጣም፤ ይደርሳል። አለቃ አይመጣም፤ ብቅ ይላል። ሲጠሩት «መጣሁ» የሚል ሰው የለም፤ «ደረስኩ» ነው የሚባለው። ልማዱ አብሯቸው ቤት ስለሚገባ፣ ሚስቱ ለራት ስትጠራው ፈንቅል አልጋው ላይ እንደተጋደመ «ደረስኩ!» ይላታል።

አማቱ ያልወደዱለትም ይህንኑ ነው። ገና እጮኛ ሳለ ቤታቸው የሄደ ዕለት ከጓሮ ሆነው ቢጠሩት፣ ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ «ደረስኩ፣ እማማ!» አላቸው። እሳቸውም ጎረቤቱን ሁሉ ዞረው፣ «ሳይነሣ የደረሰ ሰው፣ የተነሣ ለታ የት ሊደርስ ነው?» እያሉ አወሩ። ከዚያ ወዲህ የአማቻቸው ነገር፣ የሰሙ እንደሆነ አያስደስታቸው፣ ያልሰሙ እንደሆነ አያስችላቸው።

አሁን የሚጓዙት ሊወስዱት ነው። ከተማ ያለው ልጃቸው ሰፊ የቤት ዕቃ መደብር አለው። «ወንድምሽ ታማኝ ዘበኛ ይፈልጋል» ብለው ለልጃቸው ደወሉላት። «ሥራው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወንበር መጠበቅ ነው። ድንጋይ አይወድቅበትም፤ የሚወድቅበት ነገር ቢኖር ትራስ ነው።»

ልጅቱ፣ የፈንቅል ባለቤት፣ የጣቢያው ቲኬት ቆራጭ ናት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በመስኮቷ ቲኬት የምታቀብለው በግማሽ ልቧ ነው፤ ግማሹ ገደሉ ሥር ነው። ስለዚህ ለባሏ እንዲህ አለችው፦ «እማዬ ትምጣና ኑሯችንን በዓይኗ ትየው። ኑሩ ካለች እንኖራለን፤ ተነሡ ካለች እንነሣለን።» ፈንቅልም እሺ አለ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። ወንበር ሰድቦ ማንቀሳቀስ ምን ክብር አለው?

በማግሥቱ ገና ሲነጋ ተራራው ወረደ።

«ስማ፣ ለኔ ብቻ ንገረኝ» አለው ምላጩ፣ ባሬላውን እንደያዘ ጠጋ ብሎ። ምላጩ በሠፈሩ የፈንቅል የግድግዳ ጎረቤት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከምላሱ ነው። «ተራራውን ምን ብለህ ነው የለመንከው?»

«ባሬላህን ያዝ አንተ!»

«ኧረ ስለ ጎረቤት አምላክ! የኔም አማት በሚቀጥለው ሳምንት ናት። ጸሎቱን አስተምረኝ።»

ቡድኑ በሳቅ ፈረሰ። ፈንቅል ግን የሚስቅበት አንጀት አልነበረውም። መስመሩ ከመምሸቱ በፊት ካልተከፈተ ባቡሩ ወደ መጣበት እንዲመለስ ታዟል። ትንሽ ቢያዘግም አማቱን በሐዲድ ሸኛቸው ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ቀድማ አስባበት ኖሮ ጠዋት በሩ ላይ ይዛው ነበር። «እናቴ ከደጄ ከተመለሰች የምወስነው እኔ ነኝ። ውሳኔዬን ደግሞ አትወደውም» አለችው። ደግሞስ ቢፈልግ እንኳ ማዝገም ያውቅበታል? ሰው እያየው ድንጋይ አሸነፈው ከሚባል፣ አሥር አማት በአንድ ክፍል ቢያሳድር ይመርጣል።

ረፋዱ ላይ ክቡር ሥራ አስኪያጁ ብቅ አሉ። የራስ ቁራቸው ከነላስቲክ መጠቅለያው ነው። ድንጋይ ላይ ወጥተው ንግግር አደረጉ፤ ንግግራቸውም ከድንጋዩ አጠር፣ ከጭቃው ረዘም ያለ ነበር። «ባልደረቦቼ! በዚህ ወሳኝ ሰዓት መሥሪያ ቤታችን ከተራራው ጋር ተፋጧል! አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ አንልም!» አሉ። ቡድኑ አጨበጨበ፤ ማጨብጨብ ከአካፋ ያሳርፋል።

እኩለ ቀን ሲያልፍ ጭቃው ተዝቆ፣ ዛፉ ተቆራርጦ፣ ትንንሹ ድንጋይ ሁሉ በባሬላ ከሐዲዱ በታች ወዳለው ገደል ሄደ። ሐዲዱ ላይ የቀረው በሬ አከሉ ድንጋይ ብቻ ነው። ፈንቅል ዞረው። ዓይነ ውኃውን አይቶ አልወደደውም። ስድቡን እያሰላሰለ ሳለ ነው ነገር የመጣው፤ ይቅርታ፣ የደረሰው።

አማቱ ባቡር ውስጥ መቀመጥ አንገሽግሿቸው ነበር። «አሁን እንሄዳለን» ያላቸውን ሠራተኛ «እኔ ቀድሜህ እሄዳለሁ» ብለው ጃንጥላቸውን አንሥተው፣ በዋሻው ውስጥ ለውስጥ በእግራቸው ገሠገሡ። ከዋሻው አፍ ብቅ ሲሉ፣ ከድንጋዩ ማዶ አማቻቸውን በጀርባው አዩት። ድምፃቸው ገበያ የሚበትን ነው።

«አንተ! መጣሁልህ!»

ይህ ገደል ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ የቃልን ጅራት ይቆረጥማል። «ሁልህ»ን ዋጠና የቀረውን መለሰው፦ «መጣ... መጣ... መጣ...»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መሥሪያ ቤቱ በየትኛው ቃል እንደሚጽፈው እንጃ። አካፋ በያለበት ወደቀ። ባሬላ ተገለበጠ። ምላጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናገር ሮጠ። ያ ሁሉ ጎረምሳ ከለላዋ ውስጥ እንደ ካልሲ ተጠቀጠቀ። አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ የማይሉት ሥራ አስኪያጅ ግን ወደ ኋላ አላሉም፤ ወደ ጎን ብለው የጎርፍ ማፋሰሻው ቦይ ውስጥ ተኙ።

ፈንቅልም ዲጅኖውን ጥሎ ተፈናጠረ። ከመሮጡ በፊት ወደ ኋላ ዘወር ሲል ግን በገደሉ ሥር፣ ሜዳው ላይ ጃንጥላ አየ። ከጃንጥላው ሥር ማን እንዳለ ለማወቅ ሁለቴ ማየት አላስፈለገውም። ከለላው በስተጀርባው ነው፤ እሱ ግን ወደ ፊት ሮጠ። ድንጋዩን በደረቱ ተንፏቆ ተሻገረ፣ አማቱን እንደ ስሚንቶ ከረጢት ትከሻው ላይ ጣላቸው፣ ወደ ዋሻው ይዟቸው ገባ። ግድግዳው ላይ አስደግፏቸው በጀርባው ጋረዳቸውና ዓይኑን ጨፍኖ ድንጋዩን ጠበቀ።

ድንጋይ የለም። የሚወርደው ጃንጥላ ብቻ ነው፤ እሱም ጭንቅላቱ ላይ።

«ልቀቀኝ አንተ ወሮበላ! ጫማዬስ? አንድ እግር ጫማዬስ?»

«እማማ፣ ዝም ይበሉ! ድንጋዩ...»

«የምን ድንጋይ ነው?»

ከላይ ከገደሉ ጫፍ ጠባቂው አንገቱን አሰግጎ፣ «ምን ነካችሁ እናንተ? ማን ነው ያንን ቃል የተናገረው?» ሲል ጮኸ።

ከከለላው አንድ ጭንቅላት ወጣ፤ ከቦዩ አንድ ጭቃ የለበሰ የራስ ቁር ተነሣ።

«እኔ ነኛ!» አሉ አማቱ፣ ከዋሻው አፍ ላይ በአንድ እግር ጫማ ቆመው። «ብመጣ ጊዜ መጣሁ አልኩ! ምን ልበል ታዲያ? ደግሞስ ይሄ ሁሉ ጎበዝ ከኔ ነው የሚሸሸው? ዝናዬ እዚህ ድረስ ወጥቷል?»

ያኔ የተሳቀው ሳቅ ሁለተኛ ናዳ እንዳያወርድ የሚያሰጋ ነበር። ጠባቂው ሳይቀር ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ምላጩ ምላሱ ስለተመለሰችለት ቀረብ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና የቃሉን ሕግ ከነ«ደረስኩ»ው አስረዳቸው። ሲጨርስም፣

«እኛ እማማ፣ ከድንጋይ ነው የሸሸነው» አለ። «የርስዎ አማች ግን ድንጋዩ ይወርዳል ወደተባለበት ነው የሮጠው። ከርስዎና ከድንጋዩ ማን እንደሚከብድ እሱን ይጠይቁት።»

አማቱ አልሳቁም። አማቻቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ደረቱ ተቧጭሯል፣ ግንባሩ ላይ የጃንጥላቸው ምልክት አለ። «ደረስኩ ስትል ኖረህ ኖረህ፣ ዛሬ እውነትም ደረስክ» አሉት ቀስ ብለው። ወዲያው እንባቸው እንዳይታይ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዞሩ።

«ይሄ ነው ያስቸገራችሁ?»

«እሱ ነው እማማ። ዓይነ ውኃው አላማረኝም። ገና አልሰደብኩትም።»

ድንጋይ ለምን እንደሚሰደብ የነገራቸው የለም፤ ግን አልጠየቁም። በአንድ እግር ጫማ ጠጋ አሉና በጃንጥላቸው ጫፍ ወጉት። «አንተ ድልብ! የሰው መንገድ ላይ የሚጋደም፣ ምን ዓይነት ያልተቀጣ ነህ? ማን እንዲያልፍብህ ነው? አንተን ብሎ ተራራ! ተራራው እንኳ አንቅሮ የተፋህ!»

ፈንቅል የጣለውን ዲጅኖ አንሥቶ እንደያዘ አፉን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲሰድብ እንዲህ ያለ ስድብ አስቦ አያውቅም። ከዚያ መዳፉ ላይ እንትፍ አለ፣ ሰካ፣ ቡድኑም ተረባርቦ «ሆ!» አለ፤ በሬ አከሉ ድንጋይ እያጉረመረመ ተገልብጦ ወደ ገደሉ ወረደ። ያቺ አንድ እግር ጫማ የተገኘችው ድንጋዩ ተንከባሎ ባለፈበት ነው፤ ፈንቅል በደረቱ ሲሻገር አማቱ የወረወሩበት ሳይሆን አይቀርም። እንደ ወረቀት ሳስታለች።

ባቡሩ ገና ሳይመሽ ጣቢያው ገባ። ክቡር ሥራ አስኪያጁ ጭቃቸውን ሳይጠርጉ «መስተጓጎሉ በተቀናጀ አመራር ተወግዷል» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ። የፈንቅል ባለቤት ከቲኬት መስኮቷ እየሮጠች ወጥታ፣ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ባሏን እያየች መሀል ላይ ቆመች።

«ሻንጣ ሸክፈሻል?» አሏት እናቷ።

«ግማሹን።»

«ፍቺው።»

«እማ... እኔ እኮ የምፈራው ድንጋዩን ነው።»

«እኔም እፈራለሁ። ግን እነዚያ ሰዎች ቃሏን ሲሰሙ እንዴት እንደሚሮጡ አይቻለሁ፤ ጥንቸል አይቀድማቸውም። እንዲህ የሚሮጥ ሰው ያረጃል። የሚሮጥበት አቅጣጫ የተሳሳተው ያንቺ ባል ብቻ ነው፤ ለሱም ምክንያት አለው። ለወንድምሽ ንገሪው፤ ወንበሩን ራሱ ይጠብቅ!»

ያን ዕለት ራት ያቀረቡት አማቱ ናቸው። ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ቤት ነው፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚባለው ከወዲህ ነው። ፈንቅል አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ከማድ ቤት ተጠራ።

«አማቼ! ራት ቀርቧል!»

«ደረ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ለዚህች ሴትዮ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ያንን የሚወዱትን ቃል ቢሰጣቸው ምን ይጎዳል? ደግሞ ቤት ውስጥ ነው። ዘሎ ተነሣና ደረቱን ነፍቶ፣ «መጣሁ፣ እማማ!» አለ።

ግድግዳው ስስ ነው፤ የቃል ጅራት መቆርጠምም ያውቅበታል። ከጎረቤት ወንበር ሲገለበጥ፣ በር ሲበረገድ ተሰማ። እናትና ልጅ በመስኮት አዩ። ምላጩ በባዶ እግሩ፣ የራት ሳህኑን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ግቢው መሀል ቆሞ ወደ ሰማይ ይመለከታል።