አክስቴን ባሕር ያሳዩዋት ጋሼ ሞላ

አሁንም አላመንኩም። ጋሼ ሞላ ከሞቱ ሁለት ወር ሆኗቸዋል አሉ። ሁለት ወር ሙሉ እኛ እዚህ መርሳ ቁጭ ብለን «ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ» ስንል ነበር።

እኔ በዚህ ገጽ ላይ ብዙ አልጽፍም፤ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ሰው ፊትም መናገር አይሆንልኝም። ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል፣ እኔ ግን የምናገርበት አጣሁ።

ጋሼ የአክስቴ የዘውዴ ባል ናቸው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ በሐራ፣ በሚሌ አድርገው ጅቡቲ ይመላለሳሉ። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው እሳቸው ወዲያ ቀሩ፣ እኛ ወዲህ።

አክስቴ ለዓመታት «እኔንም ባሕሩን አሳየኝ» ስትላቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ባሕሩ የትም አይሄድም።»

«አዎ፣ የምትሄደው አንተ ነህ!» ትላቸዋለች።

ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዓመት ግን ወሰዷት። ጭነቱ ስለዘገየ ሦስት ቀን ባሕሩ ዳር ሰነበቱ። ሸራ ከመኪናው ጎን ወጥረው ሥሩ ተኙ። በሶ በጠበጡ። ጋሼ ክርና መንጠቆ ገዝተው ዓሣ ሲያጠምዱ ዋሉ።

በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ፣ ውኃው እየገፋ መጥቶ የአክስቴን እግር ነካ። ጋሼ ብድግ ብለው «ዘውዴ ተነሺ! ጎርፍ ነው! ላይ አገር ዘንቧል!» አሉ። የኛ አገር ሰው ውኃ ሲሞላ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነዋ። እጇን ጎትተው ከፍታ ላይ አወጧትና ጎርፉ እስኪያልፍ ቁጭ አሉ። የበሶው ከረጢትና አንድ ጫማዋ ተወሰደ። የዚያ አገር ዓሣ አጥማጆች እያዩዋቸው በሳቅ ሞቱ። ባሕር በየቀኑ እንደሚሞላና እንደሚጎድል የነገሯቸው እነሱ ናቸው።

«ሃያ ዓመት ወደቡን ብቻ ነው ለካ ያየሁት» አሉ ጋሼ።

የያዙት አንድ ዓሣ ብቻ ነበር። ጠብሰው ሲያቀርቡላት አክስቴ «ዓይኑን እንኳ ሳይከድን!» ብላ እምቢ አለች። «አንቺን አይቶ ነው ያፈጠጠው፣ ምን ያድርግ» አሏት።

ትናንት ከሰዓት ስልክ ተመለሰ። የአክስቴ ስልክ በጦርነቱ ስለተወሰደ የተደወለው በእኔ ስልክ ነው። የደወሉት የጋሼ ጓደኛ የሆኑ ሹፌር ናቸው።

«አጠገብሽ ትልቅ ሰው አለ?»

«የለም፤ አክስቴ ጓሮ ናት።»

ከዚያ ነገሩኝ። ሚሌ ላይ ወባ ያዛቸው፣ መድኃኒት አልተገኘም፣ ሹፌሮቹ ተሰብስበው እዚያው ቀበሯቸው። ትኩሳቱ ሲያቃዣቸው «መንገዱ ተከፈተ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር አሉኝ።

ቀብርና ለቅሶ ወደሚመሩልን ሽማግሌ፣ ወደ ቅሬው ዳኛ ሮጥኩ። «እስከ ነገ ማለዳ አፍሽን ያዢ፣ ልጄ» አሉኝ። «መርዶ እንዲህ ለብቻዋ አይነገርም። ወንድሞቿ ከውርጌሳ ይድረሱላት።»

ስመለስ አክስቴ ስልክ መሥራቱን ሰምታ በር ላይ ቆማለች። ፊቷ በርቷል።

«በይ ቶሎ እሱ ጋ ደውዪ!»

ደወልኩ። ዝግ ነው።

«ቻርጅ ማድረግ ረስቶ ነው፣ መቼም እሱ!» አለችና ሲመጡ የሚለብሱትን ጃኬት አውጥታ ማጠብ ጀመረች። እኔ ውኃ አቀብላታለሁ። እያጠበች የጎርፉን ወሬ እንደ አዲስ አወራችው፣ ድምፃቸውን እያስመሰለች። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«ምነው ዓይንሽ?»

«ሳሙና ገብቶበት ነው።»

ዛሬ ማለዳ ወንድሞቿና የቅሬው ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ አክስቴ እነሱን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

«ታውቂ ነበር?»

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ጋሼ፣ መቃብርዎን አላየንም። አፈር እንኳ አላለበስንዎትም። ትናንት ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። የዘጋሁት ወጉን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ስለ አንቱ እንደዚያ ስትስቅ ዳግመኛ እንደማላያት ገብቶኝ ነው። አንድ ከሰዓት ሰረቅኩላት። ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ።

እንግዲህ ይረፉ፣ ጋሼ። ባታናግረኝም አጠገቧ ነኝ።