ጋሼን ከቡድኑ ያስወጣሁበት ደብተር

ክሪኬትን የወደድኩት ሰው መስደብ ስለምወድ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያኔ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ ታክሲ እነዳ ነበር። ሾፌሮቹ አብዛኞቻችን ሐበሾች፣ ፓኪስታኖችና ባንግላዴሾች ነበርን፤ ጠዋት ከኤርፖርት ስንመለስ ሴቨን ኮርነርስ አንድ የፓኪስታን ምግብ ቤት እንሰበሰባለን። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቲቪ አለ፣ ቲቪው ላይ ሁልጊዜ ክሪኬት አለ። ለማያውቀው ሰው፣ ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በሰፊ እንጨት ይመታና በሮጠ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች ግን ወጣ፣ አበቃለት።

እኔን የማረከኝ ቲቪው ነው። አንድ መቺ ሊገባ ሲል፣ ገና ጓንቱን እያጠበቀ፣ ያለፉት አምስት ጨዋታዎች ውጤቱ ደረቱ ሥር ይወጣል። ሦስት፣ ዜሮ፣ አስራ አንድ፣ ዜሮ፣ ሰባት። ቤቱ ይንጫጫል። «ይሄን ሽማግሌ ማነው የመረጠው?» ይላል ጺማሙ ፓኪስታኒ ዳቦውን እያውለበለበ። «የመራጩ አማች ነዋ!» ይላል ሌላው። «ጡረታ ይውጣ!» ሰውየው ድሮ ዋንጫ ያመጣላቸው ነው አሉ፤ ማንም አላዘነለትም። እኛ ሐበሾች ስታዲየም ገብተን ተጫዋች ስንሰድብ እናቱን እንጠራለን፣ እሱም መልሶ ይሰድበናል፣ በዚያው ያልቃል። ቁጥርን ግን መልሶ መስደብ አይቻልም። ይሄ በጣም ደስ አለኝ።

ሾፌሮቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወት የራሳቸው ቡድን ነበራቸው፤ አምበሉ ጺማሙ ነው። አስራ አንደኛ ሰው ሲያጡ ጋሼን ወሰዱ። ጋሼ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው የአገሬ ሰው ናቸው። በዲቪ ስመጣ አስፐን ሂል ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ሰባት ወር ያኖሩኝ፣ አጠገቤ ተቀምጠው መንገዱን ሁሉ ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው የቀበሌ እግር ኳስ ቡድን በረኛ ስለነበሩ እጃቸው ኳስ አይለቅም። እንጨቱን ሲይዙ ግን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔን ደግሞ ከማንም ወገን አይደለም ብለው ውጤት መዝጋቢ አደረጉኝ። የደብተሩ ፊት ላይ የመቺዎቹን ነጥብ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ማን ስንት ኳስ እንደያዘ እጽፋለሁ። ጋሼ ጨዋታ ሲያልቅ ላባቸውን እየጠረጉ ይመጡና «እስቲ ከኋላ ግለጠው፣ ስንት ያዝኩ?» ይሉኛል።

አንድ ዓመት ዛፍ ሥር ደብተር ታቅፌ መቀመጥ ሰለቸኝ። መጫወት አማረኝ። ሊለቀቅ የሚችለው ቦታ የጋሼ ብቻ ነበር።

ከበልትስቪል ልጆች ጋር ለምናደርገው የመጨረሻ ጨዋታ ተጫዋቾች በሚመረጡበት ቀን፣ ጋሼ የምግብ ቤቱ ፓርኪንግ ላይ አገኙኝ።

«ልጄ ልታየኝ ትመጣለች» አሉኝ።

ልጃቸው ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ስልካቸውን እንኳ በመከራ ነበር የምታነሳው። አባቷ ክሪኬት እንደሚጫወቱ ስትሰማ ስቃባቸዋለች።

«ነጩን ሱሪ ሁለት ጊዜ ተኮስኩት» አሉ። «አንድ ኳስ ስይዝ ብታየኝ ይበቃኛል።»

«ጎሽ፣ ጥሩ ነው ጋሼ» አልኳቸው። እሳቸውን ለማስወጣት ያዘጋጀሁት ወረቀት ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር። መቅደድ እችል ነበር።

ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል፤ ጋሼን እግዜር እኔን አላሳጣቸውም። ገብተን ሁሉም ሻዩን እንደያዘ ወረቀቱን ቲቪው ሥር ለጠፍኩት። ልክ እንደ ቲቪው ነው ያሳመርኩት። ዜሮ፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ። ከሥሩ በቀይ፦ አማካይ፣ ዜሮ ነጥብ ስድስት። ከላይ የጋሼ ስም።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

«አንክል፣ እኛ አገር ቢሆን ቤትዎን በድንጋይ ነበር የምንቀጠቅጠው!» አለ አምበሉ እንባውን እየጠረገ።

አንዱ ባንግላዴሽ ብቻ አልሳቀም። «የያዟቸው ኳሶችስ?» አለኝ።

«እሱን አልመዘገብኩም» አልኩ።

ጋሼ ሳቃቸውን አቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ። ሁሉም እሳቸውን ማየት ጀመረ።

«ጸሐፊው እሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አልመዘገብኩም ካለ አልመዘገበም።»

አምበሉ የጋሼን ቦታ ለኔ ሰጠ። ስንወጣ ጋሼ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ሳሩ ያንሸራትታል፣ ደህና ጫማ አለህ?» አሉኝ። ተናደድኩ። ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ።

ቅዳሜ ደብተሩን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ጋሼ የተተኮሰውን ሱሪያቸውን ለብሰው መጥተው ነበርና እሳቸው ያዙት። እኔ እንጨቱን ይዤ ገባሁ፣ በሁለተኛዋ ኳስ በዜሮ ወጣሁ። ተመልሼ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ተራውን ከሚጠብቀው አምበል ጎን ተቀመጥኩ። ከወዲያ ጋሼ አሉ፣ ከሳቸው ቀጥሎ ልጃቸው።

«ዋይ አርንት ዩ ፕሌዪንግ?» አለቻቸው።

«ዛሬ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ይሄም ሥራ ነው።»

«ኦ። ዩ ጋት ቤንችድ» አለችና፣ ከጨዋታ አስወጡህ ማለቷ ነው፣ ስልኳን ማየት ቀጠለች። እንኳን ልትስቅ ፈገግም አላለች።

ትንሽ ቆይታ ሲሰለቻት ደብተሩን ከጉልበታቸው ላይ አንስታ ገጾቹን መግለጥ ጀመረች። መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ዩ?» በጣቷ ቆጠረች። «ዩ ኮት ናይን? ኖባዲ ኤልስ ኢቨን ሃዝ ፋይቭ!» ዘጠኝ ኳስ ይዘዋል፤ ከሌላው አምስት እንኳ የደረሰ የለም። ፊቷ ሲበራ አየሁ። ስልኳን ኪሷ ከተተችው።

አምበሉ አንገቱን አዞረ። «ምንድነው እሱ?» አለ፤ መጀመሪያ ደብተሩን፣ ቀጥሎ እኔን እያየ።

ጋሼ የዘንድሮ ነው ቢሉ፣ አንድ ቃል ቢተነፍሱ፣ ያን ቀን ከዚያ ሜዳ በእግሬ ነበር የምባረረው። ልጃቸውም ፊታቸውን እያየች መልሱን ትጠብቃለች።

ደብተሩን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱት። «ያለፈው ዓመት ነው» አሉት ለአምበሉ በእንግሊዝኛ። «የድሮ ነው፤ የዘንድሮ አይደለም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ድሮ ነበርኩ ጎበዝ» አሏት።

«ኦ» አለች። ስልኳን መልሳ አወጣች።

ስለዚያ ቀን ሳወራ ሰዎች አፍረህ ይሆናል ይሉኛል። ውሸት ነው፤ አጠገባቸው ተቀምጬ እፎይ ነው ያልኩት።