ለብቻ የማይበራው ሣጥን

«የመገናኛ ሬዲዮ ነው! ማንም እንዳይጠጋ!» ብሎ ወታደሩ ወደ ኋላ ሲፈናጠር ነው ነገሩ የገባኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ የያዝኩት መጫወቻ ነበር። ጊዜው ደርግ ነው፤ ከቆቦ ወደ ሮቢት ስሄድ ኬላው ላይ። ያን ቀን ሳስበው እስካሁን ያስፈራኛል፣ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈምና ፊደል ብስት እለፉኝ።

የባሌ ወንድም አያሌው ቆቦ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከወዳደቀ ዕቃ አንድ ሣጥን ሠራ። በላዩ የእጅ ባትሪ አምፖሎች በረድፍ ተተክለውበታል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይቀመጥና መብራቱ ከአምፖል አምፖል እየዘለለ ወደ አንዱ ይመጣል። ጫፍ ሲደርስ ፊቱ ያለውን ቁልፍ ቶሎ ከተጫነ ወደ ባላጋራው ይመልሰዋል። ካመለጠው የሞተር ሳይክል ክላክስ ይጮህበታል። ሲጀመር ሁለቱም አብረው ካልተጫኑ ደግሞ ጭራሽ አይበራም። «ለብቻ ምን ጨዋታ አለ?» ይላል አያሌው።

ሲሠራው ሁለተኛዋ ተጫዋች እኔ ነበርኩ። ወደ ማታ ሥራዬን ስጨርስ ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ጎረቤቱ በሩን ሞልቶ «በያት! በለው!» ይላል። አያሌው «ይሄ መሞከሪያው ነው፣ ዋናው ገና ይመጣል» ይለን ነበር። ዋናው ሳይመጣ ቀረ። እንዲያ ያለ ሣጥን ከዚያ ወዲህ የትም አላየሁም።

ሮቢት ሻይ ቤት ያላት እህቴ ለደንበኞቼ አሳዩልኝ ብላ ላከችብን። አያሌውን ወባ ጥሎት ስለነበር እኔ ላድርስ አልኩ። አምፖሎቹ እንዳይሰበሩ ሣጥኑን ቅርጫት ውስጥ በጭድ ቀበርኩት። እኛ ዘንድ እንቁላል ገበያ የሚሄደው እንዲያ ነው። ጭድ ውስጥ የገባ ዕቃ ለወታደር የተደበቀ ዕቃ መሆኑ አልታየኝም። ልጄን አዝዬ፣ ቅርጫቱን በአህያ ጭኜ ወጣሁ።

ኬላው ላይ ወታደሩ ሣጥኑን ከጭዱ አውጥቶ መሬት ካስቀመጠ በኋላ ነው ያን የጮኸው፤ ሃምሳ አለቃው እየሮጠ መጣ። «ለወንበዴ ነው የምታደርሺው?»

«መጫወቻ ነው፣ ጌታዬ!»

«ጌታ የለም! ጓድ በይ!»

«መጫወቻ ነው፣ ጓድ ጌታዬ!»

«ጭድ ውስጥ የሚደበቅ መጫወቻ? እስቲ ተጫወቺው!»

«ብቻዬን እንቢ ይላል። በወዲያ በኩል ሌላ ሰው መጫን አለበት።»

ይህን ስል ፊታቸው ጠቆረ። «አብራን ልትፈነዳ ነው የፈለገችው!» አለ አንዱና ጠመንጃውን አቀባበለ። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ደረቴ ላይ አጣበቅኩት። ያን ጊዜ የታሰረ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ጡት የሚጠባ ልጅ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። የፈራሁት ይህንኑ ነው።

ከመንገደኞቹ መሐል ጨው የጫኑ ግመሎቻቸውን አስበርክከው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም።

«ምነው ልጆቼ፣ ልጇን ይዛ የምትፈነዳ እናት የት አያችሁ?» ብለው ተነሡ።

«ተመለስ ሽማግሌ!»

«ከእንግዲህ የኔ ዕድሜ ምን ቀረው ብላችሁ ነው?» አሉና ከሣጥኑ ወዲያ ቁጭ አሉ። «ቢስሚላህ። የቱን ልጫን፣ ልጄ?»

ወታደሮቹ ራቅ ብለው ጠመንጃቸውን ወደ እኛ አዞሩ። አብረን ተጫንን። መብራቱ ተነሣ።

«ያ አላህ! ትሮጣለች!» አሉ።

ክላክሱ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እሳቸው ከሳቱ ይጮሃል፤ ከጮኸ ወታደሮቹ ይተኩሳሉ። ልናገር ብል መብራቱ ፋታ አይሰጥም። «አባቴ፣ አሁን! አሁን ይጫኑ!» ብቻ እላለሁ። መብራቱ በመጣ ቁጥር የጊዮርጊስን ስም እየጠራሁ መለስኩ፣ እሳቸውም መለሱ። በኋላ ጨዋታው ጥሟቸው ቀና ብለው ሲስቁልኝ መብራቱ አመለጣቸው።

ክላክሱ ጮኸ። ወታደሮቹ በሙሉ አፈር ላይ ተዘረሩ። እኔ ልጄ ላይ ተደፋሁ። ጥይት ስጠብቅ የሰማሁት የሽማግሌውን ድምፅ ነው።

«አይ አንቺ! በዚህ ሽበቴ፣ ሰው ፊት ታሸንፊኛለሽ?»

ሃምሳ አለቃው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ። ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ። «አሸነፈችዎት እንዴ?» አለ።

«አዎ፣ አሸነፈችኝ።»

«በሉ ቦታውን ይልቀቁ፣ አባት።»

ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አውቄ ተሸነፍኩለት። ቀጥሎ ወታደሮቹ ተራ ያዙ፣ ተሰዳደቡ፣ ተሳሳቁ። ሁሉም የሰው አገር ልጆች ነበሩ፣ እናታቸው ሩቅ። ቅድም ሊተኩስብኝ ያቀባበለው ልጅ ሲሸነፍ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሲስቅ ዛሬም ይታየኛል። የባትሪው ድንጋይ አልቆ አምፖሎቹ ሲደክሙ ነው «ሂጂ» ያሉኝ።

ሽማግሌው ግመሎቻቸውን እየነዱ እስከ ሮቢት ዳር ሸኙኝ። ከድንጋጤዬ የተነሣ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ያ ዘመን ይመለስ አልልም። እኒያን ሰውና ያን ሣጥን ግን፣ በሩን ሞልቶ ከሚጮኸው ጎረቤት ጋር፣ እናፍቃለሁ።

እህቴ ደጅ ወጥታ መንገድ መንገዱን ታይ ነበር። «ምን ሆነሽ ነው እስካሁን? ምነው አመድ መሰልሽ?» አለችኝ። ወደ ቤት ገባሁና መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ ልጄን ጡት አጎረስኩት።

«ደህና ነን» አልኳት። «ገብተናል።»