ማኅበራዊ ለአንድ ሰው

ቡልቡላ ያለው ጠጅ ቤት ሳይታደስ ይሻል ነበር የሚሉኝ ሁሉ ወንዶች ናቸው። የጭቃ ግድግዳው፣ የእንጨት አግዳሚው፣ መሬቱ ላይ የሚጎዘጎዘው ሣር ይናፍቃቸዋል። እኔን አይናፍቀኝም። ያን ጊዜ ባሌ ከመንደሩ ሰዎች ጋር አግዳሚው ላይ ሲጠጣ፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ከባለቤቲቱ ጋር ጌሾ እየለቀምኩ እጠብቀው ነበር። ሴት ከወንዶቹ ጋር ብትቀመጥ ስም ይወጣላታል። ስለዚህ ቤቱ ፈርሶ በመስታወትና በሴራሚክ ሲሠራ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ሲሰቀል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከውስጥ የሚቆለፍ የሴቶች መጸዳጃ ሲኖረው፣ ለአሮጌው አላለቀስኩም።

ከዚያ ወዲህ ነው ከባሌ ጋር አንድ ጠረጴዛ የተቀመጥነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንሄድና ማኅበራዊ እናዝ ነበር፤ የጎድን ጥብሱም፣ ክትፎውም፣ ጎመኑም፣ አይቡም በአንድ ትሪ ይመጣል። እሱ ጎድኑን ወደ ራሱ እየሳበ ጎመኑን ወደ እኔ ይገፋል። በመስታወቱ በኩል ኮንዶሚኒየሞቹን እያሳየኝ፣ «ከዚያኛው ሥር የአባቴ በሬዎች ይውሉ ነበር» ይላል። በየሳምንቱ ይለዋል፤ እኔም በየሳምንቱ አዲስ እንደሰማ ሰው አያለሁ።

የባሌ አርባ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ብቻዬን ሄድኩ። በሩን ገፍቼ ገባሁ። እነዚያን እሑዶች ሐዘኑ ጠቅልሎ እንዲወስዳቸው አልፈለግሁም።

«ማዘር፣ ሰው ይጠብቃሉ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

«አልጠብቅም። ማኅበራዊ አምጪልኝ፤ አንድ ብርሌ ጠጅም። ደረቁን።»

«ደረቁን?» ጥቁር ነጠላዬን አየችው። «ማኅበራዊ እኮ ለሁለት ሰው ነው፤ ለአንድ አንሠራም። ጥብስ ይሻልዎታል። ደግሞ ከውስጥ ደስ የሚል ክፍል አለን፣ ማንም አያይዎትም።»

«ቢያዩኝ ምን ይሆናል? የሁለት ሰው አምጪው። እበላዋለሁ።»

«ኧረ ጎበዝ ማዘር!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ትሪው ሲመጣ ከጠረጴዛው ግማሹን ሸፈነ። ጠጁ ጉሮሮዬን ፋቀው። ጥቂት እንደ ጎረስኩ አንድ ሰው አጠገቤ ቆመ፤ የባሌ ታላቅ ወንድም ነበር። ለካ ከጥግ ካለው ጠረጴዛ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ሲያየኝ ቆይቷል።

«አንቺ! ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ርቦኝ ነው ጋሼ።»

«በከል ልብስ መጠጥ ቤት ይገባል? ሰው እኛን ምን ይለናል? ወይ ጥቁሩን አውልቂ፣ ወይ ቤትሽ ተቀመጪ። ዳግመኛ እዚህ እንዳላይሽ!»

«ሐዘኔ ገና ነው፤ ጥቁሩን አላወልቅም። ቤትም አልቀመጥም።»

«ጭራሽ ብቻሽን! ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?»

ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እንደዚያን ቀን ግን አናዶኝ አያውቅም።

«ወንድምዎ አንድ ቀን እንኳ ብቻውን በልቶ አያውቅም» አልኩት። «የሞተው ግን ብቻውን ነው። ሆስፒታሉ ጠያቂ ሌሊት አይገባም ብሎ እኔን ደጅ አስቀርቶኝ።»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ጋሼ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር አለ፤ ሁሉም እያዩን ነበር። ያን ጊዜ፣ ቤቱ በሙሉ እንዲሰማ አድርጌ፣

«እንብላ ጋሼ!» አልኩ።

ሐዘንተኛ እንብላ ብሎት ሳይቀምስ የሚሄድ ሰው በዚያ መንደር ቀና ብሎ አይሄድም። ቢቀመጥ ደግሞ በዓይናቸው ፊት ከእኔ ጋር መብላቱ ነው። እያመነታ ቆመ። እኔ አላመነታሁም። የጎድኑን ሥጋ በእንጀራ ጠቅልዬ፣ ጎላ አድርጌ፣ ወደ አፉ ዘረጋሁ።

«ተይ እንጂ፣ በልቻለሁ…»

«በሞተው ወንድምዎ ይዤዎታለሁ።»

ክንዴ ቢዝልም እጄን አልመለስኩም። በመጨረሻ ከፊት ለፊቴ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠና አፉን ከፈተ። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ የቀረውን ተግሣጽ ከሥጋው ጋር አብሮ ማኘክ ግድ ሆነበት።

«ጎሽ!» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከጥጉ። «ድገሚው ልጄ! አንድ ጉርሻ ያጣላል!»

ሁሉም ሳቁ። ጋሼም ከንፈሩን በእጁ ጠርጎ፣ ቆጣ ማለቱን ትቶ፣ «በይ እንግዲህ ሁለተኛውን» አለኝ፤ እንዳንጣላ።

እኔ ግን ጎመኑን ወደ ራሴ ስቤ መብላቴን ቀጠልኩ።

«ሁለተኛው ለሚመጣው እሑድ ነው ጋሼ» አልኩት። «ከፈለጉት ይምጡ። እኔ እዚሁ ነኝ።»