ዘፈን አልቀይርም ያለው ሹፌር

ዘፋኙ የሚሸለም ዕለት ወንድሜ ከሲግናል ሰፈር ድረስ መጣ። አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እኔ ቤት ድረስ ወጥቶ፣ ገና በሩ ላይ ሆኖ «ሰማሽ? ሕዝብ አንድ ስላደረገ ትልቁን የሰብአዊነት ሽልማት ሊሰጡት ነው! በቀጥታ ይተላለፋል» አለኝ። ደስ ይላታል ብሎ ነው። እኔን ያማረኝ ቴሌቪዥኑን በመጥረቢያ መፍለጥ ነበር።

ያንን ዘፋኝ ቤታችን ያስገባው ባሌ ነው። ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። መንገደኛ በዘፈን ይጣላል፤ አንዱ የእኔን ቋንቋ ክፈትልኝ ሲል ሌላው ዝጋው ይላል። ነገሩ ሲከር ባሌ የዚህን ሰው ዘፈን ይለቃል። አንድ ጊዜ አብሬው ሄጄ፣ ሲሰዳደቡ የነበሩት ሰዎች አብረው እያጨበጨቡ ዳቦ ሲቆራረሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

አገሩ ከተበላሸ በኋላ ሹፌሮቹ አንድ ዘዴ አመጡ። ኬላ ሲቃረቡ የዚያን አካባቢ ዘፈን ይከፍታሉ፤ ካለፉ በኋላ ለሚቀጥለው ኬላ ይቀይራሉ። ማንም አላፈረበትም፤ ነፍስ ነዋ! ባሌ ግን እምቢ አለ።

«የሁሉም የሆነ ዘፈን እያለ ምን አስጨነቀኝ?» ይለኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ ዘፈን ጥይት አይመልስም» እለዋለሁ።

ይስቃል። ጓደኞቹ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ይተርቡት ነበር።

አንድ ማለዳ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ሲያንዘፈዝፍ ጃኬቱን ደርቤለት ወጣ። በሕይወት አልተመለሰም። የሆነውን የነገሩኝ አብረውት ተሳፍረው የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ኬላው ላይ የቆሙት ጎረምሶች «የማንን ዘፈን ነው የከፈትክብን?» አሉት አሉ። «የሁላችንንም» አላቸው። አወረዱት።

«ልጄ፣ ዘፈኑን የሚያጠፋው ሰው አልነበረም» አሉኝ። «ሲተኩሱበትም እየዘፈነ ነበር።»

እግዜር ይስጣቸው፣ እውነቱን ነው የነገሩኝ። ግን ምነው ይህችን እንኳ ባስቀሩልኝ።

ወንድሜ ሽልማቱ ለዘፋኙ ይገባዋል ባይ ነው። «ባለሥልጣን ሁሉ ያቃተውን በማይክ የቻለ ሰው ካልተሸለመ ማን ይሸለም?» ይላል። ውሸት አይደለም። ስታዲየም ሙሉ ሰው ተቃቅፎ ሲዘፍን አይቼ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ኮንሰርት ላይ መተቃቀፍ ምን ይከብዳል? እስቲ ኬላ ላይ ይሞክሩት!

ዘፋኙን አልጠላውም። ያን ቀን ከአፉ የጠበቅኩት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ዘፈኔን አምነው መንገድ የወጡና ያልተመለሱ አሉ እንዲል። አላለም። አመሰገነ፣ እንባውን ጠረገ፣ ከዚያ ያንኑ ዘፈን ዘፈነ።

ልጄ በወንድሜና በእኔ መሃል ተቀምጣለች። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ግጥሙን ከአባቷ ተምራ አንድ ሳይቀራት ታውቀዋለች፤ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«እማዬ፣ አባዬ ዘፈኑን ቢቀይረው ኖሮ ይመጣ ነበር?»

ወንድሜ «ተይ እንጂ የኔ ልጅ» አላት። እሷ ግን እኔን ነው የምታየው። ለዘፋኙ የሚያጨበጭበው ሕዝብ ገና አልተቀመጠም።

«ይመጣ ነበር» አልኳት።